2147483647፦ ቁልፉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው 2147483647ን አንድ ቦታ ሳያየው አይቀርም። ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር፣ አንዱ ቢት ለምልክት ተይዞ፣ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። ጊዜን በሰከንድ እየቆጠሩ በ32 ቢት የሚያስቀምጡ የቆዩ ሲስተሞች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዓለም አቀፉ ሰዓት 03:14:07 ላይ ጣሪያ የሚነኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ግን የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። ቁጥሩ በራሱ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ፕራይም ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ሁለቱ ነገሮች መገጣጠማቸው ግዴታ አልነበረም። የ16 ቢቱ ጣሪያ 32767 የ7፣ የ31 እና የ151 ብዜት ነው፤ የ64 ቢቱ ጣሪያ 2⁶³ − 1 ደግሞ ለ7 ይካፈላል። የ8 ቢቱ 127 እና የ32 ቢቱ 2147483647 ግን ፕራይም ናቸው።

ፕራይሞች ከትንሹ ጀምረው ሲደረደሩ 105,097,565ኛው እሱ ነው። ከበታቹ ያለው ፕራይም 2147483629፣ ከበላዩ ያለው 2147483659 ነው። ስለነዚህ ሁለቱ ብዙ የሚባል ነገር የለም። 2147483647ን ከነሱ የሚለየው አንድ ሲደመርበት 2³¹ መሆኑ ነው፤ ከታች የምዘረዝራቸው ባህሪያት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚፈልቁት ከዚሁ ነው። ለአጻጻፍ እንዲመች ቁጥሩን ፕ እለዋለሁ፦ ፕ = 2³¹ − 1።

ሳያካፍሉ ቀሪ ማግኘት

ፕ በባይነሪ ሲጻፍ 31 አንዶች ተደርድረው ነው። 2³¹ ከፕ የሚበልጠው በ1 ብቻ ስለሆነ ለፕ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ የማንኛውንም ትልቅ ቁጥር ቀሪ ለማግኘት ማካፈል አያስፈልግም፤ የታችኞቹን 31 ቢቶች ለብቻ፣ ከነሱ በላይ ያሉትን ለብቻ ቆርጦ ሁለቱን መደመር ይበቃል። በላይኛው ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ 1 የ2³¹ ዋጋ ነበረው፤ በሞዱሎ ፕ፣ ማለትም ለፕ ተካፍሎ የሚቀረውን ብቻ ስንይዝ፣ 2³¹ ማለት 1 ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። 16807 × 282475249 = 4747561509943። ይህን 31 ቢት ወደ ቀኝ ስንገፋው 2210 እናገኛለን፤ የታችኞቹ 31 ቢቶች 1622647863 ናቸው። ሲደመሩ 1622650073 ይሆናል፤ ቀሪው ይኸው ነው። አንድ መግፋት፣ አንድ መቁረጥ፣ አንድ መደመር። ማካፈል በፕሮሰሰር ላይ ከመደመርና ከመግፋት ብዙ እጥፍ ስለሚዘገይ፣ ይህን ሥራ በሚሊዮን ጊዜ ለሚደጋግም ፕሮግራም ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ድምሩ ራሱ ከፕ ሊበልጥ ይችላል። የተባዙት ሁለት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከፕ ካነሱ ድምሩ ሁልጊዜ ከ2ፕ በታች ስለሚሆን፣ ከበለጠ አንድ ጊዜ ፕን መቀነስ ይበቃል። ድምሩ ግን ምልክት ባለው 32 ቢት ውስጥ ላይገባ ስለሚችል 64 ቢት ላይ ወይም ምልክት በሌለው 32 ቢት ላይ መሥራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው፤ ዜሮ እዚህ ሁለት መልክ አለው። ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር በዚህ መንገድ ሲታጠፍ ውጤቱ በፍጹም 0 አይሆንም፤ የፕ ብዜት ከሆነ ታጥፎ ታጥፎ ራሱ ፕ ላይ፣ ማለትም 31ዱ አንዶች ላይ ይቆማል። ስለዚህ በመጨረሻ «ውጤቱ ከፕ ጋር እኩል ከሆነ 0 አድርገው» የሚል መስመር የግድ ነው። ይህ መስመር ሲጎድል ምን እንደሚከተል ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ኦይለር በእጁ እንዴት አረጋገጠው

ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1588 2ን በ17 እና በ19 ርቢ ከፍ አድርጎ 1 ሲቀንስ ፕራይም እንደሚያገኝ አረጋገጠ፤ ለ23፣ ለ29፣ ለ31 እና ለ37ም እንደዚያው ነው አለ። ፌርማ በ1640 የ23ን እና የ37ን ሐሳብ አፈረሰ፤ 2²³ − 1 የ47 እና የ178481 ብዜት ነው፣ 2³⁷ − 1 ደግሞ ለ223 ይካፈላል። የ29ኙን ያፈረሰው ኦይለር ነው፣ በ1738፤ 2²⁹ − 1 = 233 × 1103 × 2089። ከአራቱ የተረፈው 31 ብቻ ነበር። እሱንም ኦይለር በ1772 ፕራይም መሆኑን አረጋገጠ።

የፕ ዳግም ዘር 46340 ከምናምን ነው። ፕ አካፋይ ካለው አንዱ አካፋዩ ከ46340 አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ወደ 4,800 የሚጠጉ ፕራይሞች አሉ፤ በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህ የወራት ሥራ ነው። ኦይለር ያደረገው አብዛኞቹን ሳይነካቸው መጣል ነው፤ መንገዱ እስካሁን ሜርሴን ቁጥሮችን፣ ማለትም እንደ ፕ ያሉ ከ2 ርቢ 1 ተቀንሶ የሚገኙ ቁጥሮችን፣ ለማጣራት ያገለግላል።

ቀ የሚባል ፕራይም ፕን ያካፍላል እንበል። ያ ማለት 2³¹ ለቀ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 2ን በራሱ ደጋግመን እያባዛን ቀሪው መጀመሪያ 1 የሚሆንበት ርቢ 31ን ማካፈል አለበት፤ 31 ፕራይም ስለሆነ ያ ርቢ ወይ 1 ወይ 31 ነው፣ 1 ደግሞ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ 31 ነው። በፌርማ ትንሹ ቲዎረም 2 በቀ − 1 ርቢም ቀሪው 1 ስለሆነ፣ 31 ቀ − 1ን ያካፍላል። ቀ ኢተጋማሽ ነውና ቀ − 1 ለ62 ይካፈላል።

ሁለተኛው ወንፊት ከጎረቤቱ ቁጥር ይመጣል። 2³¹ ቀሪው 1 ከሆነ 2³² ቀሪው 2 ነው፤ 2³² ግን የ2¹⁶ ዳግም ርቢ ነው። ስለዚህ በሞዱሎ ቀ 2 ዳግም ዘር አለው። ይህ የሚሆነው ቀ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱ ሁኔታዎች ሲጣመሩ ቀ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። እስከ 46340 ድረስ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች 63ን ሳንቆጥር 372 ናቸው። ከነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም አይደሉም፤ 249 ለ3፣ 497 ለ7፣ 559 ለ13 ይካፈላሉ። በእውነት መሞከር ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ 311፣ 1303፣ 1489 እና 2543 ናቸው።

እያንዳንዱን ለመሞከርም አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር በረጅሙ ማካፈል የግድ አይደለም። 311ን እንውሰድ። 2⁸ = 256፣ በሞዱሎ 311 −55 ነው። የ55 ዳግም ርቢ 3025 ነው፤ ቀሪው 226፣ ማለትም −85። ስለዚህ 2¹⁶ ማለት −85 ነው። የ85 ዳግም ርቢ 7225፣ ቀሪው 72። ስለዚህ 2³² ቀሪው 72 ነው፤ 311 አካፋይ ቢሆን ኖሮ 2 መሆን ነበረበት። 311 ወደቀ። 1303 ላይ ደግሞ 65536 ቀሪው 386፣ የ386 ዳግም ርቢ ቀሪው 454፤ እሱም ወደቀ። አንድ እጩ ለመጣል ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። የኦይለር ችሎታ የሚታየኝ በማስላቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመቁጠሩ በፊት የሥራውን ዘጠና በመቶ በላይ ማስቀረቱ ላይ ነው።

ውጤቱ ለ95 ዓመታት የታወቀው ትልቁ ፕራይም ሆኖ ቆየ። ከሱ በፊት ክብሩን የያዘው 6700417 ነበር፤ እሱንም ኦይለር ራሱ በ1732 የ2³² + 1 አካፋይ ሆኖ ያገኘው ነው። በ1867 ላንድሪ 3203431780337ን አገኘ፤ ይህም የ2⁵⁹ − 1 አካፋይ ነው።

46341 ላይ የሚሰበር ፕሮግራም

ዛሬ ይህን ማረጋገጥ ለኮምፒውተር ከሰከንድ በታች የሚፈጅ ሥራ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው የሚጽፈው የመጀመሪያው ፕሮግራም በዚህ ቁጥር ላይ ብቻ ይሳሳታል። ሉፑ፣ ማለትም የሚደጋገመው የፕሮግራሙ ክፍል፣ «ተ × ተ ≤ ቁጥሩ እስከሆነ ድረስ ቀጥል» ይላል፤ ተ ከ3 ጀምሮ በ2 ይጨምራል። 46340 × 46340 = 2147395600፣ በ32 ቢት ውስጥ ይገባል። 46341 × 46341 = 2147488281 ግን ከጣሪያው አለፈ። ጃቫ ላይ ይህ ብዜት ተጠቅልሎ −2147479015 ይሆናል፤ አሉታዊ ቁጥር ደግሞ ከፕ ያንሳል፣ ሉፑም ይቀጥላል።

እንዲያውም ቁጥሩ የዓይነቱ ትልቁ ዋጋ ስለሆነ፣ በዚያ ዓይነት ውስጥ ያለ ማንኛውም ቁጥር ከሱ ያንሳል ወይም ይተካከለዋል። ሁኔታው በፍጹም ሐሰት ሊሆን አይችልም። ሉፑ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ዙር ሮጦ ተ ራሱ 2147483647 ላይ ሲደርስ፣ ቁጥሩ ለራሱ ያለ ቀሪ ሲካፈል ያያል፤ «ፕራይም አይደለም» ብሎም ይመልሳል። ሲ ላይ ደግሞ ምልክት ያለው ኢንቲጀር መትረፍረፉ በቋንቋው ሕግ ያልተወሰነ ስለሆነ ኮምፓይለሩ የፈለገውን ሊያደርግ ይችላል። መፍትሔው ማባዛቱን ትቶ «ተ ≤ ቁጥሩ ÷ ተ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ካልሆነም ተን 64 ቢት ማድረግ። ፕራይም መለያ ፕሮግራም የጻፈ ሁሉ ይህን ቁጥር በመፈተኛው ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባ ጥሩ ነው።

የሉካስና የሌመር ፈተና፣ እስከ መጨረሻው እርምጃ

ለሜርሴን ቁጥሮች ማለትም 2ን ከፍ አድርገን 1 ስንቀንስ ለምናገኛቸው ቁጥሮች፣ አንድም አካፋይ ሳይሞከር የሚፈርድ ፈተና አለ። ከ4 ይነሣል። በያንዳንዱ ዙር ያለንን ቁጥር በራሱ እናባዛለን፣ 2 እንቀንሳለን፣ ለፕ አካፍለን ቀሪውን እንይዛለን። ርቢው 31 ከሆነ ዙሩ 29 ነው፤ ሁልጊዜ ከርቢው ሁለት ይቀነሳል። በ29ኛው ዙር 0 ከመጣ ቁጥሩ ፕራይም ነው፣ ካልመጣ አይደለም። ፈተናው የሚሠራው ርቢው ራሱ ኢተጋማሽ ፕራይም ሲሆን ነው።

የ31ዱ ጉዞ እንዲህ ይጀምራል፦ 4፣ 14፣ 194፣ 37634፣ 1416317954። እስከዚህ ድረስ ማካፈል አላስፈለገም። ቀጣዩ 669670838 ነው፣ ከዚያ 1937259419፣ ከዚያ 425413602። እንዲህ ያለ መልክ እንደሌለው ሲዘል ቆይቶ 27ኛው ዙር ላይ 1181536708 ይሆናል፤ 28ኛው ላይ ድንገት 65536 ይመጣል። 65536 ማለት 2¹⁶ ነው። የሱ ዳግም ርቢ 2³²፣ በሞዱሎ ፕ 2 ነው፤ 2 ሲቀነስ 0። ፕራይም ነው።

አሁን ቅድም ያልኩት ስህተት የሚፈነዳበት ቦታ ላይ ደረስን። የመጨረሻውን ዙር ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚሠራው በዝግታ እንይ። 65536 × 65536 − 2 = 4294967294። ወደ ቀኝ 31 ቢት ሲገፋ 1 ይሰጣል፤ የታችኞቹ ቢቶች 2147483646 ናቸው። ድምሩ 2147483647። ዜሮ አይደለም! ፕሮግራሙ ፕን ወደ 0 የሚቀይር መስመር ከሌለው «ፕራይም አይደለም» ብሎ ያትማል። የታጠፈ አዎንታዊ ቁጥር 0 ስለማይሆን ይህ የ31 ብቻ ችግር አይደለም፤ እንዲህ የተጻፈ ፕሮግራም ከ3 በላይ ያሉ ሜርሴን ፕራይሞችን በሙሉ ይጥላል። ደግነቱ ስህተቱ ወዲያው ይታያል፤ በ7 እና በ31 ላይ መሞከር ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ አጥፎ ከዚያ 2 መቀነስም ይቻላል። ያኔ 2³² ታጥፎ 2 ይሆንና 2 − 2 በቀጥታ 0 ይሰጣል። ግን ሌላ በር ይከፈታል፤ የታጠፈው ቁጥር 0 ወይም 1 ከሆነ ቅነሳው አሉታዊ ይሆናል፣ ምልክት በሌለው ዓይነት ላይ ከሆነም ግዙፍ ቁጥር ይሆናል። ከመቀነስ በፊት ፕን መደመር ይህን ይዘጋዋል። የዙር ቁጥር መሳሳትም የተለመደ ነው፦ በ28 ዙር የቆመ 65536ን፣ 30 ዙር የሄደ ደግሞ −2ን አግኝቶ ሁለቱም በስህተት ይፈርዳሉ።

29 ጊዜ ራሱን በማባዛት ዳግም ዘር

በሞዱሎ ፕ የአንድን ቁጥር ዳግም ዘር መፈለግ በአብዛኞቹ ፕራይሞች ላይ ቀላል አይደለም። ፕራይሙ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ግን ቁጥሩን በ(ፕ + 1) ÷ 4 ርቢ ከፍ ማድረግ ይበቃል። እዚህ ፕ + 1 ንጹህ የ2 ርቢ ስለሆነ ያ ርቢ 2²⁹ ነው። ማለትም በየጊዜው የተገኘውን በራሱ ማባዛት፣ 29 ጊዜ ብቻ፤ ሌላ ምንም ማባዛት በመካከል አይገባም። 2ን ብንሞክር የምናገኘው 65536 ነው፤ የሉካስና የሌመር ፈተና በ28ኛው ዙር ላይ ያረፈበት ቁጥር። ያረፈበት በአጋጣሚ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዙር 0 እንዲመጣ ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር የ2 ዳግም ዘር መሆን አለበት። የ2 ዳግም ዘሮች ደግሞ 65536 እና አሉታዊው ብቻ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዳግም ዘር የሌለው ቁጥር ሲሰጠው ዘዴው ዝም ብሎ አንድ ቁጥር ይመልሳል። 3 ለምሳሌ በሞዱሎ ፕ ዳግም ዘር የለውም። የተገኘውን በራሱ አባዝቶ ማመሳከር መቅረት የለበትም።

ክቡ

ለኔ የዚህ ቁጥር ውብ ባህሪ ይህ ነው። ፕ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ስለሆነ −1 በሞዱሎ ፕ ዳግም ዘር የለውም። በዚህ ምክንያት ሀ² + ለ² = 1 የሚለውን እኩልታ በሞዱሎ ፕ የሚያሟሉ ነጥቦች (ሀ፣ ለ) ብዛታቸው ልክ ፕ + 1 ነው፣ ማለትም 2³¹። ሁለት ነጥቦች እንደ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይባዛሉ፤ የ(ሀ፣ ለ) እና የ(ሐ፣ ሠ) ውጤት (ሀሐ − ለሠ፣ ሀሠ + ለሐ) ነው። አንድ ነጥብ ከራሱ ጋር ሲባዛ የመጀመሪያው አሃዙ 2ሀ² − 1 ይሆናል።

(2፣ 1268011823) የሚለውን ነጥብ እንውሰድ። 2 × 2 = 4 ነው። የ1268011823 ዳግም ርቢ ለፕ ሲካፈል ቀሪው 2147483644፣ ማለትም −3 ነው። 4 − 3 = 1፣ ነጥቡ ክቡ ላይ አለ። በየጊዜው የተገኘውን ነጥብ ከራሱ ጋር ስናባዛ የመጀመሪያው አሃዝ 2፣ 7፣ 97፣ 18817 እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱን በ2 ብናባዛ 4፣ 14፣ 194፣ 37634። የሉካስና የሌመር ፈተና ማለት ይህ ነጥብ ክቡ ላይ ሲዞር የምናየው ጥላው ነው።

እንዲህ 29 ጊዜ ስናደርግ የመጀመሪያው አሃዝ 0፣ በ30ኛው −1፣ በ31ኛው 1 ይሆናል፤ ነጥቡ (1፣ 0) ላይ ደረሰ፤ እሱም በዚህ ማባዛት የ1ን ቦታ የያዘ ነው። በየዙሩ ርቢው እጥፍ ስለሚሆን ነጥቡ (1፣ 0) ላይ የሚደርሰው በ2³¹ ርቢ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ፈተናው ማረጋገጫ የሚሆነውም በዚህ ነው፦ ፕ ከ46340 የማይበልጥ አካፋይ ቀ ቢኖረው ኖሮ በሞዱሎ ቀ ነጥቡ የሚዞርበት ቡድን ከቀ² − 1 አይበልጥም ነበር፤ ያ ደግሞ ከ2³¹ ያንሳል። ትንሽ ቡድን ውስጥ እንዲህ ረጅም ዙር አይገባም።

ይህ ክብ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ የተግባር ሥራ አግኝቷል። ስታርክ የሚባሉት፣ አንድ ስሌት በትክክል መሠራቱን ሳይደግሙት የሚያረጋግጡ ዘዴዎች፣ ፈጣን የፉሪየር ትራንስፎርም ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ደግሞ በየደረጃው ለሁለት እየተከፈለ የሚሄድ ቡድን ይፈልጋል። በተለመደው መንገድ ያ ቡድን የሚፈለገው ከ1 እስከ ፕ − 1 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ ነው፤ ብዛታቸውም ፕ − 1 ነው። ችግሩ ፕ − 1 ለ2 የሚካፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የ32 ቢት ስሌቱ ፈጣን ቢሆንም ቁጥሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም ነበር። የክብ ስታርክ ሐሳብ ከፕ − 1 ወደ ፕ + 1 መዞር ነው። ክቡ 31 ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፣ ቀሪ መውሰዱም ከላይ እንዳየነው መግፋትና መደመር ብቻ ነው። ፕ ብቻውን ለደህንነት በጣም ትንሽ በመሆኑ በዘፈቀደ የሚመረጡት ፈታኝ ቁጥሮች ከአራት እጥፍ ማስፋፊያው፣ ማለትም ወደ 124 ቢት ከሚጠጋው ዓለም ይወሰዳሉ። ይህን ረስቶ ፈታኝ ቁጥሩን ከፕ ውስጥ ብቻ የሚወስድ ሰው ዘዴውን ባዶ ያደርገዋል።

ፕ − 1 እና የዘፈቀደ ቁጥሮች

በሌላው በኩል ያለው ጎረቤት 2147483646 ነው፤ 2 × 3² × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። 7ን በራሱ እያባዛን ብንሄድ 1 ላይ ከመመለሳችን በፊት ከ1 እስከ ፕ − 1 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ እናያለን። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ማባዛት አያስፈልግም፤ ፕ − 1ን ለሰባቱ ፕራይም አካፋዮቹ አንድ በአንድ እያካፈሉ፣ 7 በየውጤቱ ርቢ ከፍ ሲል 1 አለመሆኑን ማየት ይበቃል። ይህ ባህሪ ያላቸው ቁጥሮች 534,600,000 ናቸው። 2 ከነሱ አንዱ አይደለም፤ ከ31 ብዜት በኋላ ወደ 1 ይመለሳል።

16807 የ7 አምስተኛ ርቢ ነው፤ 5 ፕ − 1ን ስለማያካፍል 16807ም ዙሩን ይሞላል። ፓርክና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ዝቅተኛ መመዘኛ እንዲሆን ያቀረቡት የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ይህ ነው፦ ያለህን ቁጥር በ16807 አባዛ፣ ለፕ አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። ከ1 ሲነሣ 16807፣ 282475249፣ 1622650073፣ 984943658 እያለ ይሄዳል። በትክክል መጻፉን ለማወቅ ከ1 ተነሥቶ ከ10,000 እርምጃ በኋላ 1043618065 መምጣቱን ማየት ነው። ማባዣው 48271 ከሆነ በዚያው ቦታ 399268537 ይመጣል።

64 ቢት በሌለበት ማሽን ብዜቱ አይገባም። ለዚያ የሽራጅ ዘዴ አለ። ፕ = 16807 × 127773 + 2836። ያለንን ቁጥር ለ127773 እናካፍላለን፤ ቀሪውን በ16807፣ ድርሻውን በ2836 አባዝተን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው እንቀንሳለን፤ ውጤቱ አሉታዊ ከሆነ ፕን እንደምራለን። መካከል ላይ ከ32 ቢት የሚወጣ ቁጥር የለም።

የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ግልጽ ናቸው። መነሻው 0 ወይም ራሱ ፕ ከሆነ ውጤቱ ለዘላለም 0 ነው። ተቀራራቢ ትናንሽ መነሻዎች ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ፤ 1 → 16807፣ 2 → 33614፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች መጣል ይሻላል። ወደ 0 እና 1 መካከል ሲቀየር ከ0.000001 በታች የሆነ ቁጥር ከወጣ ቀጣዩ ሁልጊዜ ከ0.017 በታች ነው። ዙሩም ከ2147483646 አይበልጥም፤ ለዛሬ ሲሙሌሽን ይህ ትንሽ ነው። ለይለፍ ቃልና ለምስጢር ሥራ ደግሞ በፍጹም አይሆንም፤ አንድ ውጤት ያየ ሰው የሚቀጥሉትን ሁሉ ያውቃል።

ቢሆንም ፕራይም መሆኑ ምን እንደጠቀመ ለማየት ራንዱ የተባለውን አሮጌ ማመንጫ ማየት ይበቃል። እሱ በፕ ምትክ 2³¹ን ወሰደ፣ ማባዣውም 65539 ነበር። 65539 = 2¹⁶ + 3 ስለሆነ እያንዳንዱ ቁጥር በሞዱሎ 2³¹ ከሱ በፊት ያለው ስድስት እጥፍ፣ ሲቀነስ ከዚያ በፊት ያለው ዘጠኝ እጥፍ ነው። ሦስት ሦስቱን ወስዶ በኪዩብ ውስጥ ነጥብ ለሚያደርግ ሰው ነጥቦቹ በሙሉ 15 ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ያርፋሉ። ከኢተጋማሽ መነሻ ሲነሣም የሚወጣው ሁሉ ኢተጋማሽ ነው።

ወደ ላይ

ፕ በ2³⁰ ሲባዛ 2305843008139952128 ይሆናል፤ ይህም ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው፣ ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ። ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ማንም አያገኝም፣ ጥቅም ስለሌለው የሚደክምበት አይኖርም ብሎ ጽፎ ነበር። ሉካስ በ1876 2¹²⁷ − 1 ፕራይም መሆኑን ሲያረጋግጥ ያ ግምት ወደቀ። ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ፕራይም በ2024 የተገኘው 2 በ136,279,841 ርቢ ሲቀነስ 1 ነው፤ 41,024,320 አሃዞች አሉት።

31 ራሱ 2⁵ − 1 ነው። እንግዲህ ፕን ደግሞ ርቢ ብናደርገው፣ 2 በፕ ርቢ ሲቀነስ 1፣ ፕራይም ይሆን? ያ ቁጥር ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዞች አሉት፣ ግን ፕራይም አይደለም፤ 295257526626031 ያካፍለዋል። የኦይለር ወንፊት እዚህም ይሠራል፦ አካፋዩ የ2ፕ ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፣ እውነትም 2 × 68745 × ፕ + 1 ነው። ለ8 ሲካፈልም ቀሪው 7 ነው።

ይህን በራስ ኮምፒውተር ማረጋገጥ ይቻላል። ፕ በባይነሪ 31 አንዶች ስለሆነ ስሌቱ አንድ ወጥ ነው፦ ከ1 ተነሥቶ 31 ጊዜ፣ በራሱ አባዛ፣ በ2 አባዛ፣ ለ295257526626031 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። በመጨረሻ 1 መምጣት አለበት። አካፋዩ 49 ቢት ስለሆነ መካከል ላይ ያሉት ብዜቶች ወደ 98 ቢት ይደርሳሉ፤ በ64 ቢት የተጻፈ ፕሮግራም ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ባለ 128 ቢት ዓይነት ወይም ፓይተን ላይ እንዳለው ወሰን የሌለው ኢንቲጀር ያስፈልጋል።